ምሥጢሩ የተደበቀው ከማን ነበር? ኦሮማይ፣ ናቅፋ እና አፋቤት

«ጊዜው አሁን አይደለም» የምትባል መልስ አለች። አገር ጦርነት ላይ እያለች አንዱ ተነስቶ «ይህ ሁሉ ልጅ ለምን አለቀ? ማን አዘዘ? ማንስ ይጠየቅበታል?» ቢል የሚሰጠው መልስ እሷ ናት። ጠላት ይሰማል፣ የሠራዊቱ ሞራል ይነካል፣ ቆይ ጦርነቱ ይለቅ። ጦርነቱ ያልቃል። ያው ሰው ጥያቄውን መልሶ ሲያነሳ ደግሞ «ያለፈ ቁስል ለምን ትነካካለህ?» ይባላል። ታዲያ ትክክለኛው ጊዜ መቼ ነው? ማክሰኞ ከሰዓት?

ይህን ነገር ዛሬ በአንድ መጽሐፍና በአንድ ሸለቆ በኩል ልናየው ወደናል። መጽሐፉ የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» ነው። ሸለቆው ደግሞ ከአፋቤት ወደ ከረን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለው፣ ዓዲ ሽሩም የሚባለው ጠባብ ማለፊያ ነው። በሁለቱ መካከል አምስት ዓመት ገደማ አለ። አንዱን ሳያውቁ ሌላውን መረዳት ይከብዳል ባዮች ነን።

እኛ የተወለድነው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው። ሰውየውንም ዘመኑንም የምናውቀው ከወሬ፣ ከመጽሐፍና ከቤተሰብ ዝምታ ነው። በዓሉን ግን ሁላችንም እናውቀዋለን። ኦሮማይን ያላነበበ ወይም «አንብቤዋለሁ» ብሎ ያልዋሸ የከተማ ልጅ እስቲ ፈልጋችሁ አምጡልን! ጋዜጠኝነት ስንማርም ስሙ ይነሳ ነበር። የሚነሳው ግን አብዛኛውን ጊዜ ለቋንቋው ነው። ዓረፍተ ነገሩ እንዴት አጭር እንደሆነ፣ ገጸ ባሕርያቱ እንዴት እንደሚያወሩ፣ ፊያሜታ ጊላይ እንዴት እንደምታምር። መጽሐፉ ስለ አንድ የከሸፈ ወታደራዊ ዘመቻ መሆኑ በሁለተኛ ደረጃ የሚነገር ነገር ነበር። እስቲ ዛሬ እሱን ወደፊት እናምጣው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዓሉ ግርማ በ1931 ዓ.ም. ኢሉባቦር ተወለደ። አባቱ ሕንዳዊ፣ እናቱ ኢትዮጵያዊት ናቸው። ጀኔራል ዊንጌት ተማረ፣ ዩኒቨርሲቲ ገባ፣ አሜሪካ ሄዶ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪውን ያዘ። ከዚያ በኋላ የአገሪቱን የመንግሥት ኅትመቶች አንድ በአንድ አዘጋጀ ማለት ይቻላል፤ መነን፣ አዲስ ሪፖርተር፣ ኢትዮጵያን ሄራልድ፣ አዲስ ዘመን። በደርግ ጊዜ የማስታወቂያ ሚኒስቴር ቋሚ ተጠሪ እስከመሆን ደረሰ። በዓሉ ከጫካ የወጣ ተቃዋሚ አልነበረም፤ ይህን መዝለል አይገባም። የመንግሥት ሰው ነበር። በ1972 ዓ.ም. ያሳተመው «የቀይ ኮከብ ጥሪ» አብዮቱን የሚያወድስ ልብ ወለድ ነው። የመንግሥትን ቃል ለሕዝብ በሚያደርሰው መሥሪያ ቤት ውስጥ ከፍ ያለ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ነበር። ደጋግመን እንደ ሰማዕት ስለምንስለው ይህን እንረሳለን። ለእኛ ግን ታሪኩን የሚያከብደው ይኸው ነው። የፕሮፓጋንዳውን ወጥ ቤት ከውስጥ ያውቀዋል።

በጥር 1974 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አስመራ ላይ «የቀይ ኮከብ ሁለገብ አብዮታዊ ዘመቻ»ን አወጁ። ሁለገብ የተባለው በምክንያት ነው። አንደኛው እጁ ፋብሪካ ይጠግናል፣ መንገድ ይሠራል፣ ኤርትራን መልሶ ያቋቁማል። ሁለተኛው እጁ ሻዕቢያን ከሳህል ተራሮች ይነቅላል። መንግሥት ለሳምንታት ከነሚኒስትሮቹ ወደ አስመራ ተዛወረ ማለት ይቻላል። ሦስት እዞች ተሰለፉ፤ ናደው፣ ውቃውና መብረቅ። ከ80 ሺህ በላይ ወታደር ወደ ሰሜን ተንቀሳቀሰ። የዘመቻው ግብ አንዲት ትንሽ የተራራ ከተማ ነበረች፤ ናቅፋ። ናቅፋ ከተያዘች ጦርነቱ ያከትማል ተባለ። ሬዲዮው ተባለ ያለውን ደጋገመው፣ ጋዜጣው አተመው፣ መፈክሩ ተጻፈ። በዓሉም ከማስታወቂያ ሚኒስቴር ለቅስቀሳ ሥራ አስመራ ከተላኩት ባለሥልጣናት አንዱ ነበር።

ናቅፋ አልተያዘችም። ከየካቲት እስከ ሰኔ ተሞከረ። ሠራዊቱ ከታች ወደ ላይ፣ ድንጋይ ላይ ምሽግ ቆፍሮ ለዓመታት ወደተቀመጠ ጠላት ይወጣል። ይወድቃል። እንደገና ይወጣል። በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣቶች እዚያ ቀሩ። ከዚያስ? ከዚያ ሬዲዮው ስለ ዘመቻው ድምፁን ቀነስ፣ ቀነስ እያደረገ ሄደ። ዘመቻው ሲጀመር ከበሮ ተመታ፤ ሲከሽፍ ግን «ከሸፈ» ብሎ በይፋ የተናገረ የለም። ማን አቀደው? ለምን በዚያ በኩል ተሞከረ? መጀመሪያው ሙከራ ሳይሳካ ሲቀር ለምን ያው ተደገመ? መልስ ቀርቶ ጥያቄውን የሚያነሳ አፍ አልነበረም።

ኦሮማይ በ1975 ዓ.ም. በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በኩል ወጣ። ተራኪው ጸጋዬ ኃይለ ማርያም ጋዜጠኛ ነው። ለዘመቻው አስመራ ይላካል። ፊያሜታን ይወዳል፣ የስለላውን ጨዋታ ያያል፣ ባለሥልጣናቱ ሲንጎራደዱ ያያል፣ በመጨረሻም ናቅፋ አጠገብ ተራራ 1702 ላይ የሚሆነውን ያያል። 1702 የተራራው ከፍታ ነው፤ ስም የሌለው ኮረብታ በወታደር ካርታ ላይ በቁጥሩ ይጠራል። «ኦሮማይ» የምትለዋ ቃል ከጣሊያንኛ አስመራ ገብታ የቀረች ናት። «ከእንግዲህ»፣ «አለቀ፣ ደቀቀ» እንደ ማለት። አንድ መንግሥት «አሸንፈናል» እያለ በሚደልቅበት ሰዓት የመጽሐፍ ርእስ አድርጎ ማውጣት… እንግዲህ ድፍረቱን እናንተ መዝኑት።

ደግሞ ልብ በሉ፣ ሳንሱሩ የት ነበር? እዚያው ማስታወቂያ ሚኒስቴር። የበዓሉ የራሱ መሥሪያ ቤት! መጽሐፉ ገበያ ላይ ብዙም አልሰነበተም፣ ወዲያው ተሰበሰበ። የወጣውም ከእጅ ወደ እጅ፣ ከፎቶ ኮፒ ወደ ፎቶ ኮፒ እየተዛወረ ተነበበ። በዓሉ ከሥራው ተባረረ። የካቲት 6 ቀን 1976 ዓ.ም. ከቤቱ ወጣ፣ አልተመለሰም። ቮልስዋገኑ ወደ ደብረ ዘይት በሚወስደው መንገድ ዳር ቆማ ተገኘች። ክስ አልተመሠረተበትም፣ ፍርድ ቤት አልቀረበም፣ ሞተ ብሎ ለቤተሰቡ የነገረ የመንግሥት አካል የለም። ደርግ ወድቆ፣ ባለሥልጣናቱ ታስረው፣ ለዓመታት በፍርድ ቤት ሲጠየቁም የበዓሉ ፍጻሜ አልጠራም። መቃብሩ የት እንደሆነ ዛሬም አይታወቅም።

እንግዲህ ዋናው ጥያቄያችን ጋ ደረስን። የኦሮማይ ወንጀል ምን ነበር? ወታደራዊ ምሥጢር አወጣ እንዳይባል፣ መጽሐፉ ሲታተም ዘመቻው ካለቀ ዓመት ሊሞላው ነው። ናቅፋ እንዳልተያዘች ሻዕቢያ አያውቅም ነበር? ናቅፋ ላይ ቁጭ ብሎ! ስንት ወታደር ተራራው ሥር እንደቀረ ሻዕቢያ አያውቅም ነበር? ከላይ ሆኖ የሚያየው እሱ ነው። ሶቪየቶች አማካሪዎቻቸውን ልከው ነበርና ያውቃሉ። የውጭ ጋዜጠኞች በሱዳን በኩል ሳህል እየገቡ ይጽፉ ነበርና የለንደን አንባቢ ያውቃል። የማያውቀው ማን ነው? ልጁን የላከው የጎጃም ገበሬ ነው። የመርካቶ ነጋዴ ነው። ለዘመቻው ከደመወዙ የተቆረጠበት አስተማሪ ነው። ምሥጢሩ የተደበቀው ከጠላት አልነበረም። ዋጋውን ከሚከፍለው ሰው ነበር።

እርግጥ በጦርነት ጊዜ የማይነገር ነገር አለ። ይህን የሚክድ ልጅ ነው። ነገ ጠዋት ክፍለ ጦሩ በየት በኩል እንደሚያጠቃ በጋዜጣ የሚጽፍ ጋዜጠኛ ጋዜጠኛ አይባልም። ግን «ነገ በየት እንሄዳለን?» እና «ባለፈው ዓመት ለምን በዚያ ሄድን?» ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው። የመጀመሪያው መልስ ወታደሩን ሊያስገድል ይችላል። የሁለተኛው መልስ የሚያስፈራው አዛዡን ነው። ደርግ (እሱ ብቻም አይደለም) ሁለቱን በአንድ ከረጢት ከተታቸው። አዛዡን የሚነካ ሁሉ ወታደሩን እንደነካ ተቆጠረ።

ሌላም ነገር አለ። መጽሐፉ ውስጥ ያሉት አንዳንድ ሹማምንት በጊዜው የነበሩትን ሰዎች ቁርጥ ነው የሚመስሉት ይባላል። ስማቸው ቢቀየርም ኩራታቸው፣ አነጋገራቸው፣ መጠጣቸው አልተቀየረም። እኛ እንደምንጠረጥረው የቁጣው ግማሽ ከዚህ የመጣ ነው። ሰው ተራራ ላይ ማለቁን ይቅር የሚል ባለሥልጣን መስታወት ፊት መቆምን ይቅር አይልም።

አሁን ወደ ሠራዊቱ ውስጥ እንግባ። ምክንያቱም ዝምታው ከጋዜጣና ከመጽሐፍ ብቻ የተጫነ አልነበረም፣ ምሽግ ውስጥም ነበር። በደርግ ሠራዊት አንድ ጦር ሦስት ራስ ነበረው፤ አዛዡ፣ የፖለቲካ ኮሚሳሩና የወታደራዊ ደኅንነቱ ሰው። ሦስቱም ለየራሳቸው አለቃ፣ በየራሳቸው መስመር ሪፖርት ያደርጋሉ። አዛዡ «ይህ ጥቃት አያዋጣም» ካለ ኮሚሳሩ «ወኔ የለውም» ብሎ ሊጽፍበት ይችላል። የደኅንነቱ ሰው ደግሞ «ከማን ጋር ቡና ጠጣ?» የሚለውን ይጨምርበታል። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ እውነቱን ወደ ላይ መላክ የሚደፍር ጥቂት ነው። ወደ ላይ የሚወጣው ሪፖርት እየለሰለሰ፣ የጠላት ሬሳ እየበዛ፣ የራስ ሬሳ እያነሰ ይሄዳል። አዲስ አበባ ላይ ካርታ ፊት የቆመው ሰው የሚያየው ጦርነትና ሳህል ላይ ያለው ጦርነት ሁለት የተለያዩ ጦርነቶች ሆኑ። ይህን ሂደት በዝርዝር ማወቅ የሚፈልግ የታሪክ ምሁሩን የገብሩ ታረቀን ሥራዎች ፈልጎ ያንብብ፣ በተለይ በ2009 እ.ኤ.አ. ስለ ኢትዮጵያ አብዮትና ጦርነቶቹ ያሳተሙትን።

በ1980 ዓ.ም. መባቻ አገሪቱ ሕዝባዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ሆነች። አዲስ ሕገ መንግሥት ነበራት፣ የመናገር ነፃነትም በውስጡ ተጽፎ ነበር። (አዎ፣ ተጽፎ ነበር!) በኅዳር መጨረሻ ሻዕቢያ በናቅፋ ግንባር ጥቃት ከፈተና የናደው እዝን ጎዳው። በየካቲት መንግሥቱ አስመራ ሄዱ። የናደው አዛዥ ብርጋዴር ጄኔራል ታሪኩ ዓይኔ ነበሩ፤ በበረሃ የቆዩ፣ ወታደሩ የሚወዳቸው ሰው። ተገደሉ። ሌሎች መኮንኖችም ማዕረጋቸው ተገፈፈ።

አንዳንዱ ይህን «ተጠያቂነት» ሊለው ይችላል። ጦሩ ተሸነፈ፣ አዛዡ ተቀጣ፣ ታዲያ ምን ቀረ? ብዙ ነገር ቀረ። ተጠያቂነት ሲባል ጥያቄ አለ ማለት ነው፣ መልስ የሚሰጥበት መድረክ አለ ማለት ነው። ጄኔራሉ በግልጽ ችሎት ቀርበው ቢሆን ኖሮ ምን ይሉ ነበር? ስንት ጊዜ ሰው እንደጠየቁ፣ ምን ተብለው እንደተመለሱ፣ ኮሚሳሩ ምን እንደጻፈ፣ ትእዛዙ ከየት እንደመጣ ይናገሩ ነበር። ችግሩ እዚያ ላይ ነው። ጥይቱ ቅጣት ብቻ አልነበረም፣ ምስክርም ዘጋ። በዚያ ላይ ለሚቀጥለው አዛዥ የተላለፈው መልእክት ግልጽ ነበር፤ መጥፎ ዜና ይዘህ አትምጣ።

አንድ ወር ቆየ።

መጋቢት 8 ቀን 1980 ዓ.ም. ንጋት ላይ ሻዕቢያ በመስፍን ሐጎስ እየተመራ ናደውን በሦስት አቅጣጫ መታው። የእዙ ጠቅላይ ሠፈር አፋቤት ነበር፤ ከናቅፋ በስተደቡብ፣ የመሣሪያው፣ የነዳጁና የጥይቱ መከማቻ። ከአፋቤት ወደ ከረን የሚያስወጣው መንገድ ዓዲ ሽሩም ላይ ይጠብባል። ታንክና ከባድ መሣሪያ የጫነ ረጅም ሰልፍ፣ 70 ገደማ ተሽከርካሪ፣ ወደዚያ ማለፊያ ገባ። ፊተኛው ተመታ። መንገዱ ተዘጋ። ወደፊት የለም፣ ወደኋላ የለም። ከዚያ አውሮፕላኖች መጡ። የራሳችን አውሮፕላኖች። መሣሪያው በጠላት እጅ እንዳይገባ በሚል ሰልፉን ከነሰዎቹ ደበደቡት። መጋቢት 11 ሁሉም አልቆ ነበር። ከ15 ሺህ ያላነሰ ወታደር የነበረው እዝ ተበተነ፣ ሦስት የሶቪየት መኮንኖች ተማረኩ። በቦታው የነበረው እንግሊዛዊው የአፍሪካ ታሪክ ጸሐፊ ባዝል ዴቪድሰን ነገሩን ፈረንሳዮች በ1954 እ.ኤ.አ. ቬትናም ውስጥ ዲየን ቢየን ፉ ላይ ከደረሰባቸው ጋር አመሳስሎ ለቢቢሲ ተናገረ። ዓለም ሰማ።

አዲስ አበባስ? የአዲስ አበባ ሬዲዮ ስለ ሌላ ነገር ያወራ ነበር። ወሬው የገባው በሌላ በር ነው። ድምፅ ተቀንሶ፣ መስኮት ተዘግቶ፣ በቢቢሲ፣ በዶቼ ቬለ፣ በአሜሪካ ድምፅ፣ ደፋሩ ደግሞ በራሱ በሻዕቢያው «ድምጺ ሓፋሽ»። አስቡት እስቲ፤ ልጁ ናደው ውስጥ የሆነች እናት የልጇን እጣ ለማወቅ የጠላት ሬዲዮ መክፈት አለባት። የአገሯ ሬዲዮ አይነግራትም። የአገሯ ሬዲዮ ዝም ባለ ቁጥር የጠላት ሬዲዮ እየታመነ ሄደ። ሠራዊቱን ለመጠበቅ የተባለው ሳንሱር ለሻዕቢያ አድማጭ ይመለምልለት ነበር።

በመጋቢት መጨረሻ፣ አፋቤት ከወደቀች ሁለት ሳምንት እንኳ ሳይሞላ፣ መንግሥቱ በሬዲዮ ቀርበው «ሁሉም ነገር ወደ ጦር ግንባር» አሉ። ከዓመታት በኋላ ነገሩ መክፋቱን በአደባባይ ያመኑበት ጊዜ ነው። ግን ልብ በሉ፣ ለሕዝቡ የተነገረው ሂሳቡ ሳይሆን ክፍያው ነው። ምን ሆነ የሚለው ተሸፋፍኖ፣ ምን አምጡ የሚለው ግልጽ ሆኖ መጣ። በሚያዝያ የውጭ እርዳታ ሠራተኞች ከኤርትራና ከትግራይ እንዲወጡ ተደረገ፤ ያው ዓይን ነበሩና። ግንቦት 4 ቀን ሽዕብ በምትባል መንደር ሠራዊቱ ወደ 400 የሚጠጉ ሲቪሎችን ገደለ፣ አንዳንዶቹ በታንክ ተጨፍልቀው። ከሁለት ቀን በኋላ በኤርትራና በትግራይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። እስካሁን ዝምታው ወታደሩን እንዴት እንዳስበላ ስናወራ ነበር። ሽዕብ የሌላው ወገን ሂሳብ ናት። ጋዜጠኛ በሌለበት፣ እርዳታ ሠራተኛ በተባረረበት፣ ደብዳቤ በሚከፈትበት አካባቢ የሞቱት ገበሬዎች ለመሐል አገር ሰው አልሞቱም። ብዙዎቻችን የመንደሯን ስም እንኳ ሰምተን አናውቅም። ማን አዘዘ ተብሎ ሲጠየቅ የተሰማ መኮንንም የለም። ስለ አፋቤት ጀግንነትና ውድቀት በአማርኛ ብዙ ተጽፏል፣ የቀድሞ መኮንኖች ትዝታቸውን አሳትመዋል። ስለ ሽዕብ ግን… ፈልጉና ንገሩን።

ግንቦት 8 ቀን 1981 ዓ.ም. ጄኔራሎቹ ራሳቸው ተነሱ። መንግሥቱ ወደ ምሥራቅ ጀርመን በበረሩበት ቀን የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ ተደረገ። ከሸፈ። ኤታ ማዦር ሹሙ ሜጀር ጄኔራል መርዕድ ንጉሤና የአየር ኃይሉ አዛዥ ሜጀር ጄኔራል አምሃ ደስታ መከላከያ ሚኒስቴር ግቢ ውስጥ ራሳቸውን አጠፉ። ሜጀር ጄኔራል ደምሴ ቡልቶ አስመራ ላይ ተገደሉ። ከተያዙት ውስጥ 12 ጄኔራሎች በግንቦት 1982 ተረሸኑ። በዘመናዊ ታሪኳ ያሰለጠነቻቸውን ምርጥ መኮንኖች አገሪቱ በአንድ ዓመት ውስጥ በራሷ ጥይት ጨረሰች። መናገር የተከለከሉ ሰዎች ነበሩና ሌላ ቋንቋ ሞከሩ። ጄኔራሎቹን ንጹሕ መላእክት አናደርጋቸውም፤ ሽዕብ ስትቃጠልም እነሱው ጄኔራሎች ነበሩ። ግን «ይህ ጦርነት በጉልበት አያልቅም» የሚል ሐሳብ በስብሰባ ላይ በሰላም የሚነገርበት አገር ቢሆን ኖሮ ጦር ይዞ አዲስ አበባ መግባት ባላስፈለገ።

አንባቢ «ይህ የደርግ ነገር ነው፣ ደርግ ደግሞ ደርግ ነው» ሊል ይችላል። እኛም እንደዚያ ብናስብ ደስ ባለን። ግን ተራራው ላይ ከላይ ሆነው ያሸነፉት ሰዎች ምን አደረጉ?

ኤርትራ ነፃ አገር ሆነች። እ.ኤ.አ. በ1997 ገንዘቧን «ናቅፋ» አለችው። በሚቀጥለው ዓመት ከእኛ ጋር የድንበር ጦርነት ተነሳ፣ ሁለት ዓመት ቆየ። ፕሬዚዳንት ኢሳይያስ አፈወርቂ እ.ኤ.አ. በ2001 በኤርትራ በኩል 19 ሺህ ሰው መሞቱን ተናገሩ። ቁጥር መናገራቸው በራሱ አንድ ነገር ነው። ግን በዚያው ዓመት ግንቦት 15 ከፍተኛ የግንባሩ ባለሥልጣናት በግልጽ ደብዳቤ «ስለ ጦርነቱና ስለ አመራሩ እንነጋገር፣ ሕገ መንግሥቱ ይተግበር» ሲሉ ነገሩ ተለወጠ። መስከረም 18 ቀን ከ15ቱ 11ዱ ተያዙ። በዚያው ሰሞን የግል ጋዜጦች በሙሉ ተዘጉ፣ ጋዜጠኞቹ ታሰሩ። «ሰቲት» ጋዜጣን ከመሠረቱት አንዱ ዳዊት ይስሐቅ ከነዚያ አንዱ ነው። ክስ የለም፣ ፍርድ የለም። የተሰጠው ምክንያት የአገር ደኅንነት ነው። ከ15ቱ ፈራሚዎች መካከል በጊዜው ውጭ አገር በመሆናቸው ካመለጡት አንዱ መስፍን ሐጎስ ነው። አፋቤት ላይ ናደውን የደመሰሰው አዛዥ ማለት ነው። ስደት ላይ ቀረ።

በዓሉ ግርማ የካቲት 1976፣ ዳዊት ይስሐቅ መስከረም 1994። ጠላት የነበሩ ሁለት መንግሥታት፣ አንድ ዓይነት በር።

በእኛ በኩልም ነገሩ የመጽሐፍ ቤት ታሪክ ሆኖ አልቀረም። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው የሰሜኑ ጦርነት ትግራይ ለረጅም ጊዜ ስልክና ኢንተርኔት ተቋርጦባት ነበር፣ ጋዜጠኞች ታስረዋል። በኅዳር 2014 በአስቸኳይ ጊዜው አዋጅ ሥር የወጣው መመሪያ የሠራዊት እንቅስቃሴን ብቻ ሳይሆን የጦር ግንባር ውሎና ውጤትንም ከተፈቀደለት አካል በቀር ማንም እንዳያሰራጭ ከለከለ። እንቅስቃሴውስ ይሁን። ውጤቱን ከማን ለመደበቅ ነው? ሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 29 ላይ የሚከለክለው ነገር ፈልገን አየን። በሕግ ይከለከላል የሚለው የጦርነት ቅስቀሳን ነው። ጦርነትን መተቸት ይከለከላል የሚል መስመር አላገኘንም።

ኦሮማይ ደርግ ከወደቀ በኋላ ደጋግሞ ታትሟል። መንገድ ዳር፣ ፕላስቲክ ላይ ከተዘረጉት መጻሕፍት መካከል ዛሬም አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ2025 በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለንደንና ኒውዮርክ ላይ ወጣ፣ የውጭ ጋዜጦችም ስለ ፍቅሩና ስለ ስለላው ጻፉ። እንዳለጌታ ከበደ የበዓሉን ሕይወትና ሥራዎች የሚተርክ ዳጎስ ያለ መጽሐፍ አበርክቶልናል። ኮሎኔል መንግሥቱ ግንቦት 13 ቀን 1983 ዓ.ም. ወደ ዚምባብዌ ሄዱ፣ በሌሉበት ተፈረደባቸው። ተራራ 1702 ላይ በተደጋጋሚ ውጡ ብሎ ያዘዘው ማን እንደነበረ፣ ዓዲ ሽሩም ላይ ሰልፉ ከነሰዎቹ ይደብደብ ያለው ማን እንደነበረ፣ ሽዕብ የገባውን ጦር ማን እንደላከው ግን በሕዝብ ፊት ቀርቦ የተጠየቀ የለም። ከእነዚያ ወታደሮች ብዙዎቹ ዛሬ የሚኖሩ ቢሆን የአያቶቻችን ሳይሆን የአባቶቻችን እኩዮች ነበሩ።